ሩቅ ደሴት ለመድረስ የቱ ይሻላል? መደበኛ በረራ፣ ቻርተር፣ የውሃ አውሮፕላን፣ ሄሊኮፕተር ወይስ ጀልባ

ወደ ሩቅ ደሴት ለመሄድ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዋጋውን ነው። ቀጥሎ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ያያል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ግን ከሁለቱም መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ በዚያ ቀን በረራው ባይነሳስ?

ትልቅ ከተማ የሚሄድ አውሮፕላን ቢሰረዝ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሌላ ይገኛል። ደሴት ላይ ግን ቀጣዩ በረራ ነገ ሊሆን ይችላል። ከሦስት ቀን በኋላም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ጭራሽ የሚቀጥለው ሳምንት ነው። ስለዚህ አማራጮቹን የማወዳድረው በዚህ ዓይን ነው። ሁሉም ነገር ሲሰምር የቱ እንደሚያምር አይደለም የምጠይቀው። ሳይሰምር ሲቀር የትኛው ሜዳ ላይ እንደማይጥላችሁ ነው።

ከአውሮፕላኑ በፊት ማረፊያውን እወቁት

ደሴቱ ሩቅ ስለሆነ ብቻ ማረፊያው ትንሽ ነው ማለት አይደለም። ኢስተር ደሴት ከቺሊ የባሕር ጠረፍ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ማኮብኮቢያው ግን ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ትልልቅ ጄቶች ያርፉበታል። በካሪቢያን ያለችው ሳባ ደግሞ ከጎረቤቷ ሲንት ማርተን ደሴት በአውሮፕላን ሩብ ሰዓት ገደማ ብቻ ናት። ማኮብኮቢያዋ ግን 400 ሜትር ያህል ነው። በሁለቱም ጫፍ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ባሕር። ጄት እዚያ አያርፍም። እንግዲህ ዕቅድ ሲወጣ ይበልጥ ጥንቃቄ የምትፈልገው ቅርቧ ሳባ ናት።

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ስለ ማረፊያው ጥቂት ነገር አጣሩ። አስፋልት ነው ወይስ ሳር? የሳር ማኮብኮቢያ ከከባድ ዝናብ በኋላ ይጨቀያል፣ ይዘጋልም። የማታ መብራት አለው? ከሌለው ፀሐይ ስትጠልቅ የዕለቱ ሥራ አበቃ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት የዘገየ በረራ በቀላሉ ወደ ነገ ይገፋል። ደመና ውስጥ ያለውን አብራሪ እስከ ማኮብኮቢያው የሚመራ መሣሪያ አለ? ወይስ አብራሪው መሬቱን በዓይኑ ማየት አለበት? በዓይን ብቻ ከሆነ ጉም የወረደበት ጠዋት በረራ የለም። ማኮብኮቢያው አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ንፋስ ከጎን ሲመጣ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞሮ ማረፍ አይቻልም።

አንዳንዱ ማረፊያ የራሱ ሕግ አለው። በስኮትላንድ ባራ ደሴት መደበኛው በረራ የሚያርፈው የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ማኮብኮቢያዎቹ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ የበረራው ሰዓት የሚወጣው ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት ተከትሎ ነው። ዛሬ ጠዋት የነበረው በረራ ከሳምንት በኋላ ከሰዓት ቢሆን አትደነቁ። እዚያ የሚሄድ ሰው ቀጣይ በረራውን ሲይዝ የዚያን ቀን ሰዓት ማየት አለበት እንጂ ባለፈው ወር የሰማውን ይዞ መሄድ የለበትም።

ንፋስም ሁሉ መጥፎ አይደለም። ከፊት የሚነፍስ ንፋስ አውሮፕላኑን በአጭር ርቀት ያነሳዋል፣ በአጭር ርቀትም ያቆመዋል። የሚያስቸግረው የጎን ንፋስና ገደልና ተራራ አልፎ እየተገለባበጠ የሚመጣው ነው። ሴንት ሄሌና ለዚህ ትልቅ ምሳሌ ናት። በደቡብ አትላንቲክ መሃል ላይ ያለችው ይህች ደሴት ማረፊያዋ በፈረንጆቹ 2016 ሲሞከር፣ ንፋሱ ማኮብኮቢያው አካባቢ በድንገት ፍጥነቱንና አቅጣጫውን እንደሚለውጥ ታየ። የመንገደኞች መደበኛ በረራ የጀመረው በኦክቶበር 2017 ነው። ብዙ ገንዘብ ፈሶበት የተሠራ ማረፊያ ለንፋስ ሲባል መጠበቁን እንደ ጥፋት አላየውም። መሆን ያለበት እንዲያ ነው።

መደበኛው ትንሽ አውሮፕላን

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው። ከ9 እስከ 19 መንገደኛ የሚይዝ አውሮፕላን በተወሰነ ቀንና ሰዓት ይመላለሳል። ትኬቱን በነፍስ ወከፍ ትቆርጣላችሁ። አብራሪዎቹ ያንኑ መስመር ደጋግመው ስለሚበሩ የቦታውን ንፋስና ደመና ያውቁታል። ይህ በዋጋ ዝርዝር ላይ የማይታይ ትልቅ ነገር ነው።

ብዙ ጊዜ የምታገኟቸው ዓይነቶች ጥቂት ናቸው። ብሪተን ኖርማን አይላንደር እንደ መኪና ሞተር የሚሠራ ሁለት ፒስተን ሞተር አለው፤ እስከ 9 መንገደኛ ይጭናል። በወንበሮቹ መካከል መተላለፊያ የለውም። ከጎን በሮች በቀጥታ ወደ መቀመጫችሁ ትገባላችሁ። ትዊን ኦተር ሁለት ተርባይን ሞተር (በጋለ ጋዝ ኃይል የሚሽከረከር) ያለው ሲሆን እስከ 19 ሰው ይይዛል። ሁለቱም መጀመሪያ የበረሩት በ1965 ነው። ንድፉ ያረጀ መሆኑ አያስፈራችሁ። ከአጭርና ካልተነጠፈ መሬት በመነሳት እነሱን የሚስተካከል ብዙ ስለሌለ ነው እስካሁን የሚሠሩት። ሦስተኛው ሴስና ካራቫን ነው፤ ሞተሩ አንድ ተርባይን ብቻ ነው።

አንድ ሞተር ወይስ ሁለት? ይህን ብዙ ሰው ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። የካራቫን ተርባይን ሞተር አስተማማኝ ከሚባሉት ውስጥ ነው። መሬት ላይ ሲበር ሞተሩ ቢቆም እየተንሳፈፈ ሜዳ ሊፈልግ ይችላል። ባሕር ላይ ግን ሜዳ የለም። ስለዚህ የእኔ አቋም እንዲህ ነው። መንገዱ አጭር ሆኖ ደሴቶቹ የተቀራረቡ ከሆኑ አንድ ሞተር አያሳስበኝም። ሰፊ ክፍት ባሕር የሚሻገር ከሆነና ሁለት ሞተር ያለው አማራጭ ካለ፣ ትንሽ ጨምሬ ሁለቱን እመርጣለሁ። በየትኛውም ቢሆን የሕይወት አድን ጃኬቱ የት እንዳለ ከመነሳታችሁ በፊት እዩ። አውሮፕላኑ ውስጥ እያላችሁ በአየር አትሙሉት። ውሃ ከገባ የተነፋ ጃኬት ወደ ጣሪያው ይገፋችኋል፣ በሩ ጋ እንዳትደርሱም ያግዳችኋል።

የመደበኛ በረራ ድክመቱ ሲሰረዝ ነው የሚታየው። በ9 ወንበር አውሮፕላን የሚሠራ መስመር ላይ ሁለት በረራ ቢሰረዝ 18 ሰው ወረፋ ይይዛል። የነገው በረራ ደግሞ አስቀድሞ ሞልቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስትደውሉ «በሳምንት ስንት በረራ አላችሁ?» ብቻ አትበሉ። «የእኔ በረራ ቢሰረዝ በየትኛው ታስገቡኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ጥሩውን ድርጅት ከደካማው ወዲያው ይለይላችኋል። በመንግሥት ድጎማ በሚሠሩ መስመሮች ላይ ደግሞ ለታማሚና ለነዋሪ ቅድሚያ ሊሰጥ ይችላል። ለእነሱ መንገዱ ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ማለት ነው፤ ቅድሚያው ይገባቸዋል።

ነዳጅ፣ ሰው እና ሻንጣ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ለምን ሻንጣዬ ቀረ፣ ለምን ወንበር ባዶ እያለ ትኬት የለም ተባልኩ የሚለው ቅሬታ ሁሉ መልሱ እዚህ ነው።

ትንሽ አውሮፕላን መሸከም የሚችለው የተወሰነ ክብደት ነው። ያ ክብደት ለነዳጅ፣ ለሰውና ለጓዝ ይከፋፈላል። አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። ደሴቱ ላይ ነዳጅ የማይሸጥ ከሆነ የመመለሻውንም ይዞ መሄድ አለበት። ማኮብኮቢያው አጭር ከሆነ ደግሞ ቀለል ብሎ ካልሆነ አይነሳም። ሙቀት ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ክንፉም ሞተሩም ጉልበት ያጣሉ፤ ለመነሳት የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል። ያው አውሮፕላን ጠዋት የጫነውን እኩለ ቀን ላይ ላይጭን ይችላል።

በአቅራቢያው ሌላ ማረፊያ የሌለው ደሴት ሲሆን ስሌቱ ይጠብቃል። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መስፈርት፣ እንዲህ ወዳለ ገለልተኛ ማረፊያ የሚሄድ ባለ ተርባይን አውሮፕላን መዳረሻው ላይ ከደረሰ በኋላ ለሁለት ሰዓት የሚያበቃ ነዳጅ መያዝ ይጠበቅበታል። መንገድ ላይም አብራሪው «ከዚህ ካለፍኩ መመለስ አልችልም» የሚልበት ነጥብ አለ። እዚያ ከመድረሱ በፊት የደሴቱን አየር ጠይቆ ይወስናል።

ይህ ቸል ሲባል ምን እንደሚመጣ በደቡብ ፓስፊክ ባለችው ኖርፎክ ደሴት ላይ ታይቷል። በኖቬምበር 2009 ታማሚ የያዘች ትንሽ ጄት ከሳሞአ ተነስታ ነዳጅ ልትሞላ በሌሊት ወደ ደሴቱ መጣች። ደመናው ዝቅ ብሎ ነበር። ደጋግማ ሞከረች፣ ማኮብኮቢያው አልታየም። ሌላ ቦታ የሚያደርስ ነዳጅ አልነበራትም። በመጨረሻ ባሕር ላይ አረፈች። ስድስቱም ሰዎች በሕይወት ተርፈዋል። ስለዚህ ድርጅቱ «ነዳጅ ስለጨመርን ሻንጣችሁ ነገ ይመጣል» ቢላችሁ፣ ሥራውን በአግባቡ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ከእናንተ የሚጠበቀው ቀላል ነው። ክብደታችሁን ሲጠይቋችሁ እውነቱን ተናገሩ። በትንሽ አውሮፕላን ላይ ሰውን ከነእጅ ቦርሳው ሚዛን ላይ ማቆም የተለመደ ነው፤ የምታፍሩበት ነገር አይደለም። 9 ሰው እያንዳንዱ 10 ኪሎ ቢደብቅ 90 ኪሎ ነው፤ አንድ ሰው ከነሻንጣው ተደብቆ ተሳፈረ ማለት ነው። ከጠንካራ ሻንጣ ይልቅ ለስላሳ ቦርሳ ያዙ፤ የዕቃ ክፍሉ ጠባብና ቅርጹ ያልተስተካከለ ነው። መድኃኒት፣ መነጽር፣ ቻርጀርና አንድ ቅያሪ ልብስ ከእጃችሁ አይለዩ። ፓወር ባንክም እንደዚያው ከራሳችሁ ጋር ይሁን።

ቻርተር

ሙሉ አውሮፕላን ስትከራዩ የምትከፍሉት ለበረራው ሰዓት እንጂ ለወንበር አይደለም። ስድስትና ሰባት ሆናችሁ ከሄዳችሁ ዋጋው ለነፍስ ወከፍ ሲካፈል ከምታስቡት በላይ ሊቀንስ ይችላል። ብቻችሁን ወይም ሁለት ከሆናችሁ ግን ኪስ ያራቁታል። ዋጋ ሲነግሯችሁ አውሮፕላኑ ባዶውን የሚመለስበት በረራ፣ የማረፊያ ክፍያና አብራሪው የሚቆይበት ሰዓት ገብቶበት እንደሆነ ጠይቁ። ሁለት ድርጅት የሰጣችሁ ዋጋ እጥፍ ቢለያይ፣ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእነዚህ ነው።

ጥቅሙ ሰዓቱን እናንተ መምረጣችሁ ነው። ከሌላ ሀገር የሚመጣው በረራችሁ ቢዘገይ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ጠዋት ጉም ካለ እስኪገልጥ ቆይቶ ይነሳል። ግን አንድ ነገር አትርሱ፤ ገንዘብ ጉም አይገልጥም። ማኮብኮቢያው ያው ነው፣ ንፋሱም ያው ነው። መደበኛው በረራ በአየር ምክንያት ከቆመ ቻርተሩም ይቆማል። በስልክ «እኛ በማንኛውም አየር እንበራለን» የሚላችሁ ካለ፣ ስልኩን ዝጉት።

ውሉ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አየሩ ከከለከለ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወራል? ደሴቱ ላይ አድሮ ለመጠበቅ የአብራሪው ማደሪያ በማን ነው? ከዚህም በላይ፣ ድርጅቱ መንገደኛ በክፍያ ለመጫን ከሀገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ። የራሱ አውሮፕላን ያለው ሰው «የነዳጅ ብቻ ተካፈሉ» ብሎ ሊወስዳችሁ ሊጠይቅ ይችላል። ርካሽ ነው። ግን የንግድ በረራ የሚጠየቀው ምርመራና ሥልጠና እሱን ላይመለከተው ይችላል፤ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁም ላይሸፍናችሁ ይችላል። እኔ እንዲህ ባለው አውሮፕላን ባሕር አልሻገርም።

በውሃ ላይ የሚያርፈው

ማኮብኮቢያ የሌላት ደሴት ጋ ቀጥታ የሚያደርሳችሁ የውሃ አውሮፕላን ነው። ማልዲቭስ ውስጥ ብዙ እንግዳ የሚጓጓዘው በተንሳፋፊ እግር በሚሠሩ ትዊን ኦተሮች ነው። ዝቅ ብሎ ስለሚበር እይታው ልዩ ነው፤ ይህን አልክድም።

ግን የሚሠራው በቀን ብርሃን ብቻ ነው። ማታ ዋና ከተማዋ ማሌ የሚደርስ መንገደኛ ለማደሪያ ተጨማሪ ከፍሎ ጠዋት ይጠብቃል። ሌላው መንገድ መብራት ወዳለው የአካባቢው ማረፊያ በአገር ውስጥ በረራ ሄዶ ከዚያ በፈጣን ጀልባ መሻገር ነው። ሁለት ጊዜ መውረድና መሳፈር አለበት፣ ያደክማል፤ ብዙ ጊዜ ግን በዚያው ሌሊት ያደርሳል። የዓለም አቀፍ በረራችሁ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የሚገባ ከሆነ ሁለተኛውን ምረጡ። ጠዋት የምትደርሱ ከሆነ የውሃ አውሮፕላኑን። ጉልበት የሚያማችሁ ካላችሁ ደግሞ ከሚወዛወዝ መድረክ ወደ አውሮፕላኑ መውጣት እንዴት እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሄሊኮፕተር

ማኮብኮቢያ አይፈልግም፣ ጠባብ ቦታ ይበቃዋል። ለአንድ መንገደኛ የሚወጣው ወጪ ግን ከፍተኛ ነው፤ የሚይዘው ጓዝም ትንሽ። ጉምና ዝቅ ያለ ደመና እሱንም ያስቆመዋል። በፋሮ ደሴቶች በመንግሥት ድጎማ የሚሠራ የሄሊኮፕተር መስመር አለ፤ እንደ ሚኪነስ ያሉ ራቅ ያሉ ደሴቶችን ያገናኛል። ዋጋው ተመጣጣኝ ቢሆንም የተዘጋጀው ለነዋሪው ነው። እንግዳ ሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ተጠቅሞ በሌላው በጀልባ ቢመለስ ለነዋሪው ቦታ ይተዋል።

ጀልባና መርከብ

አንዳንዴ ምርጫ የለም። በደቡብ አትላንቲክ ያለችው ትሪስታን ዳ ኩና አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከኬፕ ታውን ሳምንት ያህል በመርከብ ነው የሚደረሰው። በፓስፊክ ወዳለችው ፒትኬርን የሚሄድ ከታሂቲ ተነስቶ እስከ ማንጋሬቫ ደሴት በአውሮፕላን፣ ከዚያ ከአንድ ቀን በላይ በመርከብ ይጓዛል። የቺሊዋ ሮቢንሰን ክሩሶ ደሴት ደግሞ ማረፊያ አላት፤ ማረፊያውና መንደሩ ግን በተለያየ ጫፍ ናቸው። ከአውሮፕላን ወርዳችሁ እንደገና ጀልባ ትሳፈራላችሁ። ስለዚህ ባሕር የሚያማችሁ ከሆነ «በአውሮፕላን ነው የምሄደው» ማለት ብቻውን አያድናችሁም።

ሁለቱም ባሉበት ቦታ ጀልባን እንደ መጠባበቂያ ማሰብ ጥሩ ነው፤ የሚያዋጣው ግን በምን ምክንያት በረራው እንደሚሰረዝ ካወቃችሁ ነው። ጉም አውሮፕላንን ያስቆማል፤ ጀልባ ግን ቀስ ብሎም ቢሆን ብዙ ጊዜ ይሄዳል። ኃይለኛ ንፋስ ከሆነ ግን ባሕሩም ይናወጣል፤ ሁለቱም አብረው ይቀራሉ። ጉም የሚበዛበት ደሴት ከሆነ የጀልባውን ሰዓት ጽፋችሁ ያዙ። ንፋስ የሚበዛበት ከሆነ በጀልባው አትመኩ፤ ትርፍ ቀን ጨምሩ።

ትኬቱን በአንድ ላይ ወይስ ለየብቻ?

ረጅሙ በረራና የደሴቱ በረራ በአንድ ትኬት ከተያዙ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ሌላ በረራ የመፈለግ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከቆረጣችሁ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። ለየብቻ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ግን አንድ ጊዜ ቢያመልጣችሁ ያተረፋችሁት ሁሉ ይሄዳል። በአንድ ትኬት የሚሸጥ ካለ ትንሽ ቢወደድም እሱን ያዙ። ከሌለ በመካከል አንድ አዳር አስገቡ። ኢንሹራንስ ስትገዙም በአየር ምክንያት የዘገየ በረራን፣ ተጨማሪ አዳርንና ታማሚን ከደሴት ማውጣትን በግልጽ የሚሸፍን መሆኑን አንብቡ። የመጨረሻው በተለይ አይዘለል።

ታዲያ ለማን የቱ?

ጊዜ ኖሯችሁ ገንዘብ ካጠራችሁ፣ መደበኛ በረራ ከሁለት ትርፍ ቀን ጋር። ብዙ ሆናችሁ የምትሄዱና ቀኑ የማይዘዋወር ጉዳይ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ሠርግ ወይም ሥራ፣ ቻርተር፤ እሱም ከጉዳዩ አንድ ቀን ቀድሞ። ሕፃን ወይም አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ የመሳፈሪያ ብዛት የሚቀንሰውን ምረጡ፤ በዋጋ ትንሽ ቢበልጥም። ቋሚ የሕክምና ክትትል ያለው ሰው ካለ ደግሞ በሳምንት አንድ በረራ ብቻ ወዳለው ደሴት ከመሄዱ በፊት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። መድኃኒቱንም ከጉዞው ቀን አንድ ሳምንት አስበልጦ ይያዝ።

የቀኑን የመጀመሪያ በረራ መያዝ በአብዛኛው ያዋጣል። ሙቀቱ አይበረታም፣ አየሩም ብዙ አይናጥም፤ ቢዘገይም ቀኑ ገና ነው። የጠዋት ጉም የሚያጠቃው ደሴት ከሆነ ግን ረፋድ ላይ ያለውን ያዙ።

ብዙ ሰው ትርፍ ቀኑን ሲሄድ ይጨምርና ሲመለስ ይረሳዋል። ስትሄዱ ብትዘገዩ ከዕረፍታችሁ አንድ ቀን ይቀነሳል። ስትመለሱ ብትዘገዩ ግን ዓለም አቀፉ በረራ ጥሏችሁ ይሄዳል፤ አዲስ ትኬት ትገዛላችሁ። ስለዚህ ያላችሁ አንድ ትርፍ ቀን ብቻ ከሆነ መመለሻው ላይ አድርጉት። ከደሴቱ ውጡና ትልቁ አውሮፕላን የሚነሳበት ከተማ እደሩ። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ምሽትም ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የነገውን አየር ጠይቁት። እሱ ሰማዩን አይቶ «ዛሬውኑ ብትወጡ ይሻላል» ካላችሁና ወንበር ካለ፣ ዛሬውኑ ውጡ።